ጆሮዋን የቀሰረችው ነብር

ጋሽ ሐሰን ከናዝሬት ሆስፒታል ወጥተው ወደ አዋሽ ሰባት የተመለሱ ዕለት፣ በባቡር ሠፈር ረዲን ያልመረቀ ሰው አልነበረም። «ያንተን እጅ አላህ አይንሳን!» «እናትህ ወልዳለች!» ልጁ አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱን ሁሉ ይቀበላል። እኛም ጨዋነት ነው አልን። ጨዋነት ብቻ ቢሆንማ ኖሮ ይህን ወሬ እናንተ ዘንድ ይዤ ባልመጣሁ።

ለማታውቋቸው ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ሐሰን የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። በጎረምሳነታቸው ከወሎ ወርደው የባቡር ዴፖው ፊተራ የሆኑ፣ ብረት እንደ ሊጥ የሚታዘዝላቸው ሰው። ከሥራ ሲመለሱ ደግሞ ከቁርጥራጭ ላሜራ የፍየል ቃጭል ይሠራሉ። በሠፈራችን ያለች ፍየል ሁሉ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ድምፁም አንድ ዓይነት ነው፤ ሰውዬው አንዴ ጆሯቸውን ደስ ያሰኘውን ድምፅ ካገኙ ወዲህ ሌላ አልሞከሩም። አመሻሽ ላይ ፍየሎቹ ከወንዙ ገደል በኩል ሲገቡ ሠፈሩ በዚያ ድምፅ ይሞላል። ሰዓት የሌለው ሰው ሁሉ ምሽቱን የሚያውቀው በጋሽ ሐሰን ቃጭል ነው።

ልጃቸው ሀምዳ ናት። ስለ መልኳ እኔ አላወራም፤ ረዲ ጀምሮት እስካሁን አልጨረሰውም።

ረዲ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ የዱር አራዊት ፎቶ አንሺ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለመጪው ዓመት ካላንደር የፓርኩን ነብር አንስተህ ና ብሎ ነው የላከው። ሳላው ቆሞ ይነሳል፣ ከርከሮው እየሮጠም ቢሆን ይነሳል፤ ነብር ግን በቀጠሮ አይመጣም። ስለዚህ ልጁ እኔ ጓዳ ከረመ። ተከራይ እንዳትሉብኝ! በዚያን ጊዜ፣ አብዮቱ ቤት በወረሰበት ዘመን፣ ቤት ማከራየት ክልክል ነበር፤ እንግዳዬ ነው። እንግዳ በየወሩ ስኳርና ሳሙና ተሸክሞ ቢገባ ማን ይከለክለዋል?

ጣጣው ፊልም የሚያጥበው በቀይ አምፖል መሆኑ ነው። የጅቡቲ መኪና በሚያድርበት ከተማ በመስኮት ቀይ መብራት ሲታይ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሳምንት ሳይሞላ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ራሱ በሬን አንኳኳ። ወደ ውስጥ አጮልቆ እያየ፣ «እትዬ ዓለምሸት፣ በዚህ ዕድሜዎ?» አለኝ። ፎቶዎቹን አሳይተን፣ ማንሣት የተከለከለው የባቡሩ ድልድይ አንዱም ላይ እንደሌለ ምለን ነው የተገላገልነው።

ያን ሰሞን ሀምዳ ወንፊቴን በቀን ሁለቴ ትዋስና ሁለቴ ትመልስ ጀመር። ምን ያህል ዱቄት ስትነፋ እንደምትውል እሷ «አላህ ያውቃል» ትላለች፤ እኔም አውቃለሁ። ልጁ በር ላይ ካሜራውን ሲወለውል ዓይኗን ወንፊቱ ላይ ተክላ ታልፋለች። እሱም ያንኑ መስተዋት ደግሞ ደጋግሞ ይወለውላል። ያን ያህል የተወለወለ መስተዋት በአገሪቱ አልነበረም።

ግን መንገዱ ዝግ ነበር። ረዲ የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ትልቁ ቤታቸው ቢወረስም ኩራታቸው አልተወረሰም። እናቱ «የፊተራ ልጅ?» ብላ ሳምንት አኩርፋለች አሉ። ጋሽ ሐሰንም በበኩላቸው፣ «ፎቶ አንሺ ማለት አይቶ የሚሄድ ሰው ነው» ብለው ልጃቸውን ዱብቲ ጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር ለሚነዳው ለናስር ሊሰጡ ለቤተሰቦቹ ቃል ገብተዋል። እንግዲህ ሁለቱ ልጆች የቀራቸው የኔ ወንፊት ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ሁለቱ በግድግዳው ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። ግድግዳችን ቆርቆሮ ነው፤ ያልሰማሁት ነገር ካለ ያልተነገረ ብቻ ነው።

«ፍየል አስሬ ስጠብቅ እውላለሁ፤ ነብሯ ዞርም አትል» አላት።

«አንተ አዲስ አበቤ! ፍየል ብቻዋን ስትሆን ዝም ትላለች። ዝም ያለችን ማን ይሰማታል? ቃጭል አድርግላት።»

«ከየት ላምጣ?»

«ከኔ።» ሳቋ ይሰማኛል። «ግን ፍየሏ እንዳትበላ!»

«በእሾህ አጥር ውስጥ ነው የማስራት። ነብሯ ትዞራታለች፣ እኔ አነሳታለሁ፣ ፍየሊቱም ወደ ቤቷ።»

ከአባቷ ምስማር ላይ አንዱን ቃጭል አወረደች። እንዳይጮህባት ከአረንጓዴ ሻርፗ ጫፍ ቀዳ ጨርቅ ጠቀጠቀችበት፣ በነጠላዋ ሥር ደብቃም አወጣችው። ፍቅር ሌባ ያደርጋል ማለት ይሄ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

*

ፎቶው ተነሣ። አቤት ፎቶ! ነብሯ ከገደሉ አፋፍ አንድ እግሯን አንሥታ፣ ጆሮዋን ቀስራ፣ ገና ልትራመድ ስትል። ካላንደር የሚባል ነገር ሲያንሳት ነው። ረዲ አንዱን አጥቦ በመስተዋት አስገጥሞ ለሀምዳ ሰጣት፤ እሷም «እትዬ ዓለምሸት ሰጡኝ» ብላ ከአባቷ አልጋ በላይ ሰቀለችው። እኔ ነብር ስሰጥ ይታያችሁ።

ከዚያ በኋላ ነው መዓቱ የመጣው። ፀሐይ ከፈንታሌ ጀርባ እንደገባች፣ የጋሽ ሐሰን ፍየሎች በረት ገብተው ቃጭላቸው ገና ሳይረጋ፣ በረቱ ውስጥ ያልታወቀ ግርግር ሆነ። ሰውዬው ጅብ መስሏቸው ዱላ ይዘው ወጡ። ግልገሏን ሊያድኑ ቀኝ እጃቸውን በአጥሩ ሲያስገቡ ነብሯ እጃቸውን ያዘች። ጩኸታችንን ሰምታ ለቃ ወጣች፤ እጁ ግን እጅ አልነበረም።

ሁላችንም ስንራወጥ ረዲ ብቻ ነው ሰው የሆነው። ሸሚዙን ቀዶ ክንዳቸውን አሰረ፣ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ጭኖ ናዝሬት ድረስ እንደ ንፋስ ነዳ። ሐኪሞቹ «ትንሽ ቢዘገይ ሰውዬው አይተርፉም ነበር» አሉ። እጁ ተረፈ፤ ጣቶቹ ግን ከእንግዲህ አይጨብጡም። መዶሻ የማይጨብጥ ፊተራ።

ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው ነው ጋሽ ሐሰን ረዲን ያስጠሩት። «አይቶ የሚሄድ ሰው ብዬህ ነበር፤ አፉ በለኝ» አሉት። «ልጄን እሰጥሃለሁ። ለዱብቲዎቹም ቃሌን መልሱልኝ ብዬ በመኪና ልኬባቸዋለሁ።» ሀምዳ በሩ ላይ የረዲን እጅ ይዛ አለቀሰች። «ወላሂ ረዲ፣ ውለታህን በምን እከፍላለሁ?» ልጁ እጁን ከእጇ ቀስ አድርጎ አወጣ። ቀና ብሎም አላያትም።

*

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንፊቱ ሥራ ፈታ።

ሀምዳ ትመጣለች፤ ልጁ ካሜራውን አንግቶ ይወጣል። በበር ስትገባ በጓሮ ይሾልካል። ቀይ አምፖሉም አልበራ አለ። ለነብሯ አደን ቀበሌው አብዮት ጥበቃዎቹን ሲያሰልፍ፣ «አይገባም፣ እሷ ምን አደረገች?» ብሎ ብቻውን ተከራከረና ሰው ጉድ አለ። እህል አይቀምስ፣ እንቅልፍ የለው። ያፈረ ይመስለኛል እንጂ የምን ሐፍረት እንደሆነ አላወቅሁም።

ሀምዳም የራሷን ተረጎመች። ሴት ልጅ ዝምታን ስትተረጉም ለራሷ የሚጎዳውን ነው የምትመርጠው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን በሚያንጣጣበት ሰዓት፣ በሬ ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«እናትህ ናት አይደል?» አለችው።

«ምኗ?»

«የፊተራ ልጅ አልወደደችም። አሁን ደግሞ ፊተራም አይደለም፤ እጁ የማይሠራ ሰው ልጅ ነኝ። የተከለከልኩ ጊዜ ጣፍጬህ ነበር። እሺ ስትባል ጎመዘዝኩህ።»

«ሀምዳ፣ አይደለም።»

«ታዲያ እየኝ!»

ያያት ዘንድ ዓይኑን አነሣ፤ አልቻለም። ዓይኑ ከአገጯ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች፤ እሱ ደግሞ የጓዳዬን መቃን ተደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እንዲህ እያለቀሰ የማይወዳት ከሆነ፣ የሚወድ ሰው ምን ሊያደርግ ነው? አልኩ በሆዴ። ነገሩ ግን አልገባኝም።

*

የኒካሁን ቀን ለመቁረጥ ጋሽ ሐሰን ረዲን ቤታቸው ጠሩት። እኔም አጥሚት ይዤ ለበሽተኛ ጥየቃ ገባሁ፤ በዚያው መቅረቴን ማንም አልጠላብኝም። ሚስታቸው መሪማ አልጋው እግር ሥር፣ ሀምዳ በሩ አጠገብ ዓይኗ አብጦ ተቀምጠዋል። ነብሯ ግድግዳው ላይ ናት። መሪማ ልታወርዳት ብላ ጋሽ ሐሰን «ተያት፣ ጠላቴን ልወቀው» ብለው ከልክለዋታል።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉት። ከትራሳቸው ሥር በግራ እጃቸው አንድ ነገር አወጡ። ቃጭል ነው። አንደኛው ጎኑ ጎድጉዷል፣ ጠርዙም አልተስተካከለም።

«በግራዬ የሠራሁት የመጀመሪያ ነው። አትሳቅብኝ። ለጎጇችሁ የመጀመሪያ ፍየል ይሁን» አሉና አወዛወዙት።

መልኩ የተበላሸ ቃጭል፣ ድምፁ ግን ያው ነው! መሪማ በደስታ እልልታዋን ልታቀልጠው አፏን ስትከፍት፣ ረዲ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ሐሰን።

«ምንም... ምንም አልሆንኩም።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አንተ ያነሳሃት ነህና ታውቃለህ።» በግራ እጃቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ። «አልጋ ላይ ሆኜ ይቺን ነብር ሳያት ሳያት ከረምኩ። ዓይኗ ካሜራው ላይ አይደለም። ጆሮዋን ተመልከት፣ እንዴት እንደቀሰረችው። ምን እየሰማች ነው?»

እሳቸው እንዲያው ለጨዋታ ነው የጠየቁት። ረዲ ግን አልጋው አጠገብ በጉልበቱ ወደቀ።

«ይኼንን» አለ ቃጭሉን እያየ። «ይኼንን ነው የምትሰማው ጋሽ ሐሰን። ቃጭልዎን።»

ረዲ ዓይኑን ከቃጭሉ አልነቀለም።

«ፍየል አንገት ላይ አሠርኩት። አጥር አልነበረም። አንድ ፍየልም አልነበረም፤ ስድስት ናቸው። የመጀመሪያዋን ስትወስድ ፎቶው ደበዘዘብኝ፤ ደግማ እንድትመጣ ሌላ አሰርኩ። እያደር ቃጭሉ ገና ሲሰማ ትመጣ ጀመር። እኔ ሞኙ ለመደችኝ ብዬ ደስ አለኝ። የለመደችው እኔን አልነበረም። ፎቶዬን ይዤ ገባሁ፤ እሷ ግን ድምፁን ተከትላ... ድምፁ ያለው ደግሞ እዚህ ነው። እጅዎን የበላሁት እኔ ነኝ።»

ሀምዳ ቀስ ብላ ቆመች። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

«ቃጭሉን የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «አባባ፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አድርግላት ያልኩትም እኔ ነኝ። ከምስማርዎ ላይ ሰርቄ።»

«አንቺ አላወቅሽም!» አለ ረዲ። «አጥር አለ ብዬ ዋሸሁሽ።»

«ዝም በል! የኔን ለኔ ተወው፤ እኔው እሸከመዋለሁ። እሱን እንኳ ልትሸከምልኝ ነው የደበቅኸኝ? እንደ ሕፃን?» እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። «አመሰገንኩህ እኮ ረዲ! ሆስፒታሉ በር ላይ እጅህን ይዤ አለቀስኩ። እናቴ እግርህን ልትስም ወደቀች። ሠፈሩ ሁሉ መረቀህ፣ አንተም ተቀበልክ። ያን ሁሉ ምስጋና እንዴት ዋጥከው? አላነቀህም?»

«አንቆኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተፋኸውም?»

ልጁ ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያያት። ከስንት ጊዜ በኋላ።

«እሺ ስላሉኝ» አለ። «እምቢ ቢሉኝ ኖሮ ያን ዕለት እናገር ነበር። እሺ አሉኝ። ካንቺ ጋር ሊያኖሩኝ... ስለዚህ ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ምርቃት በሰማሁ ቁጥር ለሁለተኛ ጊዜ ያስበላኋቸው ይመስለኛል።»

ጋሽ ሐሰን የማይጨብጠውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በግራቸው ቃጭሉን ሲያገላብጡ ቆዩ። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

«እጄን ነብር ወሰደው» አሉ በመጨረሻ። «እሱ የአላህ ቀደር ነው፤ ከነብር ጋር አልካሰስም። ድምፁን ግን የወሰድክብኝ አንተ ነህ። ዕድሜዬን ሙሉ ፍየል በሰላም ገባች ማለት ነው ብዬ የሠራሁትን ድምፅ፣ አንተ ነይ፣ ብዪ ማለት አደረግኸው።»

መሪማ «ያ ረቢ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ረዲ ግንባሩን የአልጋው ብረት ላይ ደፋ።

«ተነሥ» አሉት። «አሁን ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ ፍየል ይገባል። በሠፈሩ ያለውን ቃጭል ሁሉ አውልቅ። ለአብዮት ጥበቃዎቹም ንገር፤ ነብሯን እንዳይነኩ። እሷ የተጠራች እንግዳ ናት።»

«የኒካሁስ ነገር?» አለች መሪማ፣ እናት ናትና።

«ከዱብቲዎቹ ቃሌን አስመልሻለሁ፤ የተፋሁትን ልሼ አልውጥም። ልጄ ከመኪና መኪና የምትጫን ጥጥ አይደለችም።» ወደ ሀምዳ ዞሩ። «አንቺ፣ ለኔ ብለሽ እንዳታገቢው። ለኔ ብለሽም እንዳትተይው። እጄ የኔ ነው፤ ልብሽ ያንቺ ነው።»

ሀምዳ ቃጭሉን ከአባቷ እጅ ተቀብላ ነጠላዋ ሥር ከተተች፤ ከበሩ ጀርባ ባዶ ጆንያ አንሥታ ወጣች።

*

ያን ምሽት ያየሁትን አልረሳውም። ፍየሎቹ እያንቃጨሉ ከገደሉ በኩል መጡ። ረዲ መንገዱ መሐል ተንበርክኮ የመጀመሪያዋን አንገት ፈታ፤ ሀምዳ ሳታየው ጆንያውን ዘረጋች። ከዚያ ወደየቤቱ። በየደጁ ሰው ይወጣል፤ «ምን ሆናችሁ? ቃጭሉን ለምን?» ይላል። ልጁም በየደጁ ያንኑ ይደግማል። «ነብሯን ቃጭል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጋሽ ሐሰንን ያስበላኋቸው እኔ ነኝ።»

ካሣ የሚባለው የጣቢያው ዘበኛ መሬት ላይ ተፍቶ ዞረ። ስንቅነሽ፣ ያቺ ምላሰኛዋ፣ ፍየሏን በቀንዷ እንደያዘች፣ «እንግዲያው ምርቃቴን መልስልኝ!» አለችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ፈርሼ ነበር። ልጁ ግን «ውሰጂው እትዬ» አላት፣ ከልቡ። ስንቅነሽም መሳደቧን ረስታ ቀረች።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ የአንዷ ፍየል ማሰሪያ ተቋጥሮ አልፈታ ሲለው፣ ሀምዳ ጎንበስ አለች። ጣቶቻቸው አንድ ቋጠሮ ላይ ሆኑ። ማንም ማንንም አላየም። ቋጠሮው ተፈታ፤ እሷ ቀጥ አለች፤ እሱ ግን ትንሽ ቆየ፣ እጁን መሬት ላይ እንዳደረገ።

ጆንያው ሲሞላ በሬ ላይ ደረስን። ጸጥታው ጆሮ ያማል። አዋሽ ሰባት ያለ ቃጭል ሲመሽ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው።

«እስከ መቼ?» አላት ረዲ። ስለ ፍየሎቹ እንዳልጠየቀ እሷም እኔም እናውቃለን።

«ነብሯ እስክትረሳ» አለችው።

«ነብር መቼ ነው የሚረሳ?»

«አላውቅም።» ከዚያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም አላውቅም» አለች። ከሻርፗ ጫፍ፣ ከዚያው ከተቀደደው፣ ሌላ ቁራጭ ቀደደች። የአባቷን የግራ እጅ ሥራ፣ ያን ቃጭል፣ ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ጨርቁን ጠቀጠቀችበት፣ ይዛውም ቤታቸው ገባች። በሩን አልወረወረችውም። ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ይህን የምነግራችሁ ልጁ ልዩነቱን ስላልሰማ ነው።

ጓዳ ገብቶ ዕቃውን መሸከፍ ጀመረ።

«ወዴት?» አልኩት።

«በጠዋቱ ባቡር እሄዳለሁ እትዬ ዓለምሸት። በምን ዓይኔ እቆያለሁ?»

«በዚያው በተወለወለው። አንተ ልጅ፣ አይቶ የሚሄድ ሰው መባልህን ረሳኸው? እንግዳ የሚሄደው ሲሸኙት ነው። እኔ አልሸኘሁህም።»

ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። ቆርቆሮው ከቀኑ ሙቀት እየበረደ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ወዲያ ማዶ የጋሽ ሐሰን ሳል ተሰማ፣ መሪማ ዱአ ስታደርግ ተሰማ፣ ከዚያ ምንም።

ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከእኛ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ድምፅ መጣ። ድፍን ያለ፣ የታፈነ፣ አንዴ ብቻ። ነብር የማይሰማው፣ ሌላ ጎረቤትም የማይሰማው። ጨርቁ ውስጡ እንዳለ የተመታ ቃጭል።

ረዲ ብድግ አለ። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራምዶ ቆመ፣ ወደ እኔም ዞረ።

«ና ማለቷ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አይደለም» አልኩት። «አለሁ ማለቷ ነው።»

ልጁ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ፤ ሊያንኳኳ አልደፈረም። እንደዚያው እንደቆመ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያቺ ፎቶው ላይ ያለችው ነብር እንደምታደርገው አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያዳምጥ፣ ትቼው ወጣሁ።